ከጓሮው እስከ ፋሲካው ማዕድ

ሰሙነ ሕማማት ሲገባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በቤቴል ሠፈር፣ የግቢ በሮች ከወትሮው ይበልጥ ይንኳኳሉ። የሚያንኳኩት አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ናቸው። «እትዬ፣ የኮባ ቅጠል ካለዎት ይስጡኝ ብላለች እማዬ» ይላሉ። ኮባ የተከለ ቤተሰብ በዚህ ሳምንት የሠፈሩ ባለጸጋ ነው። ድፎ ዳቦ ያለ ኮባ ቅጠል ቢጋገርም መዓዛው ይጎድላል፤ ቅጠሉ ሊጡን ከምጣዱ ግለት ይጠብቅለታል፣ እርጥበቱንም ይይዝለታል።

ቤቴል የሚለው ስም በዕብራይስጥ «የእግዚአብሔር ቤት» ማለት ነው። ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ሕልም ያየበትን ስፍራ በዚህ ስም እንደ ጠራው በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። ቀራንዮም ጌታችን የተሰቀለበት ስፍራ መጠሪያ ነው። በእነዚህ ሁለት ስሞች መካከል የሚኖር ቤተሰብ በበዓል ዋዜማ ስለ ቤቱ፣ ስለ ጓሮውና ስለ ማዕዱ ቢያስብ አግባብ ነው እንላለን።

ጓሮ ስንል የግድ ሰፊ እርሻ ማለታችን አይደለም። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ጥቂት መደብ ጎመን፣ አንድ ሁለት እግር ጌሾ፣ ለቅቤ ማንጠሪያ ኮሰረትና በሶብላ፣ ምች ለመታው ዳማከሴ፣ ለቡና ጤና አዳም ከበቀሉ ብዙ ነው። (ጤና አዳምን ለሆድ ቁርጠት የማይጠጣ ቤት ጥቂት ቢሆንም ነፍሰ ጡር እናት ከዚህ ቅጠል ብትርቅ ይሻላል፤ ማኅፀንን ሊያነሣሣ ይችላልና።)

የጓሮው ስፋት ግን በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን ሆኖ አያውቅም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ሊይዝ የሚችለውን ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። በዘመኑ ብዙ ያነጋገረ ልክ ነው፤ ዛሬ ግን 500 ካሬ ሜትር ሲባል የሚሰማ የከተማ ወጣት በቅናት ይስቃል። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የሊዝ ሥርዓት መጣና እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ዋጋ ተቆረጠለት። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከ1996 ዓ.ም. አንሥቶ ሲስፋፋ ደግሞ ቤት ላልነበረው ሕዝብ ጣሪያ ተገኘ፤ ጓሮ ግን አብሮ አልመጣም። ይህን የምንለው ሕንፃውን ለመንቀፍ አይደለም። በረንዳ ላይ በአሮጌ ባልዲና በዘይት ጀሪካን በሶብላና ጤና አዳም ያበቀሉ እናቶችን አይተናልና። ኮባ ብቻ በባልዲ አይሆንም፤ ከገበያ ይገዛል፣ አለዚያም ግቢ ካለው ወዳጅ ይጠየቃል።

ወደ ጾሙ እንመለስ። ዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የተወ ሰውነት ብረቱን የሚያገኘው ከጤፍ፣ ከምስርና ከመሳሰሉት ነው። ከእህልና ከቅጠል የሚገኘው ብረት በቀላሉ ወደ ደም የሚገባ ባለመሆኑ በቫይታሚን ሲ መታገዝ ይፈልጋል። ከጓሮ ተቀንጥሶ ሳይቆይ ለስለስ ብሎ የበሰለ ጎመን፣ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም፣ ምስሩ ላይ የተጨመቀ ሎሚ ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው። ጎመኑ እስኪጠቁር ከተቀቀለ ቫይታሚኑ ይጠፋል። ቡናና ሻይም ከምግቡ ጋር ተያይዘው ሲጠጡ ብረቱን ስለሚያግዱ ጥቂት ማቆየት ይጠቅማል። በአንጻሩ ጾሙን በፓስቲና በሳምቡሳ፣ በዘይት በተጠበሰ ድንች የሚያሳልፍ ሰው ከጾሙ ይልቅ ዘይቱ እንዳይበዛበት እንሠጋለን። የስኳር ሕመምተኞች፣ በተለይም ኢንሱሊን የሚወስዱ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመቆየታቸው በፊት ሐኪማቸውንም የንስሐ አባታቸውንም ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የምታቀልለው ሥርዓት አላትና።

በጾሙ ወራት በብዙ ቤት ዘፈን ዝም ይላል፤ በገና ይደመጣል። በገና በቅዳሴ ጊዜ አይደረደርም። በማኅሌቱ የምንሰማው ከበሮና ጸናጽል ሲሆን፣ በገና ሰው በቤቱ ተቀምጦ የሚጸልይበት መሣሪያ ነው። አሥሩ አውታሮች በጥንቱ አሠራር ከበግ አንጀት የሚፈተሉ ናቸው። ያን የሚነዝር ድምፅ የሚሰጡት ደግሞ በአውታሩ ሥር የሚገቡት እንዚራ የሚባሉ ቁራጭ ቆዳዎች ናቸው። በገና ጸጥታ ይሻል፤ ከውጭ የድምፅ ማጉያ በሚጮኽበት ሠፈር ውበቱ አይሰማም።

አዋጅ የግቢን ስፋት እንደ ወሰነ ሁሉ ፖለቲካ ሳሎን ድረስ ገብቶ የሚደመጠውንም ወስኖ ያውቃል። በእንጦጦ በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና የተማሩት ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር፤ በደርግ ዘመን ግን የበገናው ትምህርት ተቋረጠ፤ ከራዲዮም ድምፁ ራቀ። ሙያው ያልጠፋው በየቤቱ የደበቀውና ያቆየው ሰው ስለ ነበረ ነው። ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤቶች ወጣቶች በገና ይዘው ስናይ ያን ዘመን የሚያስታውሱ አረጋውያን ዓይናቸው እንባ ቢያቀርር አያስደንቅም።

የትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴው አልቆ ወደ ቤት ሲገባ ሆድ ይራባል፣ ዓይን ይቸኩላል። ያከፈሉ ሰዎች በተልባ መግደፋቸው የአባቶች ጥበብ ነው፤ ተልባው የደረቀውን አንጀት ያለሰልሰዋል። ከዚያ በኋላ ዶሮ ወጡ ጥቂት በጥቂት ቢቀርብ ይመረጣል፤ በአንድ ጊዜ የተጫነ ቅባት በተለይ የሐሞት ከረጢት ጠጠርና የጨጓራ ሕመም ያለበትን ሰው በበዓሉ ማለዳ ሐኪም ቤት ያደርሰዋል። በሠፈር ቅርጫ የታረደ፣ የሥጋ መርማሪ ያላየው ሥጋ ደግሞ በጥሬው ባይበላ መልካም ነው፤ የኮሶ ትል የሚመጣው በዚሁ በኩል ነው።

የዶሮው ላባ፣ የአሥራ ሁለቱ እንቁላል ቅርፊትና የሽንኩርቱ ልጣጭ ክምር በበዓሉ ማግስት ወደ መንገድ ዳር ሲጣል እናያለን። ውሾች እንዳይቆፍሩት ጠለቅ ተደርጎ ከኮባው ሥር ቢቀበር ግን ክረምቱ ሲገባ ይበሰብሳል፤ ኮባም ፍግ የሚወድ ተክል ነው፤ ለእንቁጣጣሹ ዳቦ የሚሆን ሰፊ ቅጠል ያወጣል።