የመንገደኛው ሒሳብና የመናኸሪያው ደላላ

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው መንገድ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሆኖም አገር ለማየት ወይም ወደ ግሽ ዓባይ ለጠበል በዚህ መሥመር ለሚያልፍ እንግዳ፣ ዋጋው እንደ ደላላው አንደበት ይረዝማል።

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሚኒባስ ቡሬ ላይ ባዶ ወንበር ሲኖረው፣ ረዳቱ ፍኖተ ሰላም የሚወርደውን መንገደኛ ያሳፍርና ጉዞ ከተጀመረ በኋላ የማርቆሱን ሙሉ ሒሳብ ይጠይቀዋል። ይኸውም 28 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ እንደ ሄደ ይከፍላል ማለት ነው። በአንድ ወቅት የታመመ ልጅዋን አዝላ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የምትሄድ እናት በዚህ አኳኋን ስትከፍል አይተናል፤ ገንዘቡ ከመቀነቷ ጫፍ የተቋጠረ የመድኃኒት መግዣ ነበር። ዋጋውን የማያውቅ ተሳፋሪ አልነበረም፤ የተናገሩት ግን አንድ አዛውንት ብቻ ናቸው። እርሳቸው ከተናገሩ በኋላ ሌላውም አፉን ከፈተ፤ ረዳቱም ትርፉን መለሰ።

እንግዲህ ታሪፉን ከመሳፈር በፊት፣ ከሽያጩ ምንም ከማያገኝ ሰው፣ ለምሳሌ ከባለ ሱቅ ወይም ከሻይ ቤት፣ መጠየቅ ይገባል። ትኬቱንም ከመናኸሪያው ውስጥ መቁረጥ ይሻላል። ከበሩ ውጭ የቆመው ደላላ «የመጨረሻው መኪና ይህ ነው፤ መንገድ ሊዘጋ ነው» ይላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በግጭቱ ምክንያት መንገዱ በእርግጥ የተዘጋባቸው ቀኖች ስለ ነበሩ ወሬው በቀላሉ ይታመናል፤ ስለዚህ በሚደርሱበት ከተማ ላለ ዘመድ ደውሎ ማረጋገጥ ይበጃል።

ሰው «መሸጥ» የሚሉትም አለ። ሾፌሩ ሙሉ ሒሳብ ተቀብሎ ከመንገድ ላይ ለሌላ መኪና ያስተላልፋል፤ ሁለተኛውም «አልተከፈለኝም» ብሎ እንደ ገና ይጠይቃል። ሁለቱ በፊትዎ ሳይተሳሰቡ ዕቃዎን አያውርዱ። ሾፌር ሁሉ እንዲህ ነው ማለታችን አይደለም፤ የተረሳ ቦርሳ ፈልጎ የሚመልስም እናውቃለን።

ባጃጅ ሲይዙ «በሰው ነው ወይስ ኮንትራት?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። ከጣራ ላይ የሚጫነው የበርበሬ ጆንያም ዋጋው ሳይቈረጥ አይውጣ፤ የታርጋውንም ቁጥር ረዳቱ እያየ ይጻፉ። ቁጥሩ ሲጻፍ ያየ ረዳት ለጆንያው ሁለተኛ ዋጋ ሲጠራ እስከ ዛሬ አልሰማንም።