ያረፈው ስፒንና የሚንቀሳቀሰው ስፒን

የመግነጢሳዊ ኦክሳይዶችን ጠባይ በንድፈ ሐሳብ የሚመረምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የክሪስታሉን ሲሜትሪ ነው፤ የአዮኖቹ አቀማመጥና የስፒኖቹ፣ ማለት አዮኖቹ የተሸከሟቸው ጥቃቅን ማግኔቶች፣ አሰላለፍ በየትኛው መዞር፣ በየትኛውስ መገልበጥ ሳይለወጥ እንደሚጸና ያላወቀ፣ በዚያ ግዙፍ አካል ውስጥ የትኛው ክስተት የተፈቀደ፣ የትኛው የተከለከለ እንደ ሆነ ለይቶ ሊናገር አይቻለውምና። ሶቪየታዊው ሊቅ ኢጎር ድዝያሎሺንስኪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ክሮሚየም ኦክሳይድ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ሲገባ ማግኔትነትን ሊያሳይ እንደሚገባው አስቀድሞ የተናገረው በዚሁ ጥበብ ሲሆን፣ በማግሥቱ ዓመት አስትሮቭ የተባለው ያገሩ ሰው ነገሩን በሙከራ አጸና።

ነገር ግን ሲሜትሪ ይፈቅዳል እንጂ መጠን አይሰፍርም። በዚያው ክሮሚየም ኦክሳይድ ላይ በየሜትሩ 1 ሚሊዮን ቮልት የሚደርስ መስክ ቢጫን፣ የሚገኘው ማግኔትነት 4 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው፤ ይህም ከምድር መግነጢሳዊ መስክ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ መጠኑን የምንሻ ሁሉ በጎረቤታሞቹ አዮኖች መካከል ያለውን የስፒን ትስስር ከኤሌክትሮኖቹ ስሌት አውጥተን፣ ላንዳውና ሊፍሺትስ በ1935 ባወጡት የስፒን እንቅስቃሴ እኩልዮሽ ውስጥ አግብተን፣ እያንዳንዱ ስፒን ጎረቤቱን እየተከተለ፣ በማሕሌት ቆመው በወረብ እንደሚወዛወዙ መዘምራን፣ ሞገድ ሲሠራ እንከታተላለን።

ያረፈውን ሥርዓት የገለጸ ቀመር እንቅስቃሴውንም ይገልጻል ብሎ ማመን በዚህ ሥራ ውስጥ የተለመደ ፈተና መሆኑን የቴርቢየም ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ታሪክ ያስረዳል። ኪሙራና ባልደረቦቹ በ2003 እንደ ገለጡት፣ በዚህ ኦክሳይድ ስፒኖቹ በ41 ኬልቪን ገደማ ይሰለፋሉ፤ ከ28 ኬልቪን ገደማ በታች ግን ኤሌክትሪካዊ ዋልታ ይወለዳል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ታወቀውም፣ ዋልታው የሚወለደው የስፒኖቹ አሰላለፍ እየተሽከረከረ የሚሄድ ጥምዝ ሲሆን ነው። ካትሱራ፣ ናጋኦሳና ባላትስኪ በ2005 ምክንያቱን በጎረቤታሞቹ ስፒኖች እርስ በርስ መዘንበል አስረዱ። በ2006 ፒሜኖቭና ጓደኞቹ የብርሃን ኤሌክትሪካዊ መስክ ራሱ የስፒኑን ሞገድ ሲያነሣሣ ባዩ ጊዜ፣ ይህም የዚያው ምክንያት ልጅ ነው ማለት ለብዙዎች የቀለለ ነበር።

ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ማግኔታዊ መስክ የጥምዙን ገጽ ሲያዞረው የሚዋጠው ብርሃን ኤሌክትሪካዊ መስክ አቅጣጫም አብሮ በዞረ ነበር። ሙከራው ግን አቅጣጫው ከክሪስታሉ አንድ ዘንግ ንቅንቅ እንደማይል አሳየ፤ በ2009 ቫልዴስ አጊላርና ባልደረቦቹም መነሻው በአዮኖቹ መካከል ያለው ተራው ትስስር፣ ከአቀማመጣቸው ጋር አብሮ የሚለዋወጠው፣ መሆኑን ገለጡ። የዚህ ትስስር ኤሌክትሪካዊ ድርሻ ስፒኖቹ ባረፉ ጊዜ እርስ በርሱ ተጣፍቶ አይታይም፤ ሲንቀሳቀሱ ግን ሚዛኑ ይፈርሳልና ከሁሉ በርትቶ ይወጣል።

ስለዚህ በጠረጴዛዬ ላይ የዕረፍቱ ቁጥር ከተለካው ጋር የተስማማለት ሞዴል ሲቀርብልኝ፣ መስማማቱን እንደ ማስረጃ ሙሉ አልቀበለውም፤ ይልቁንም ተፎካካሪውን ሞዴል ከጎኑ አቁሜ፣ የሁለቱ መልስ የሚለያይበትን ልኬት፣ የብርሃኑ አቅጣጫ ይሁን የሞገዱ ድግግሞሽ፣ ፈልጌ ለሙከራ ባለሙያው አቀርባለሁ።