የሳሎን ኮምፒውተር በደጋ ከተማ

በክፍለ ሀገር ከተሞች ፊልም ብዙ ጊዜ የሚጓዘው በኪስ ነው። ከሱቅ በፍላሽ ይጫናል፤ ቤት ሲደርስ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካል። ጣጣው የሚጀምረው ያኔ ነው። አንዱ ፊልም ምስሉን እያሳየ ድምፁን ይነፍጋል፣ ሌላው ጭራሽ አይከፈትም፣ የአማርኛው የግርጌ ጽሑፍ ደግሞ በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ቴሌቪዥኑ አልተበላሸም፤ የሚያውቃቸው የፋይል ዓይነቶችና ፊደሎች ውስን ስለሆኑ ነው። ከጎኑ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ይህን ሁሉ ይፈታል።

ለዚህ ሥራ አዲስ ዕቃ እየለቀሙ መገጣጠም አያስፈልግም። የሚያዋጣው ነጋዴዎች «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚሉት፣ ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ሠርቶ የተተካ ኮምፒውተር ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኢሊትዴስክ በዚህ ረገድ የታወቁ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ፣ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ነው። ከመጽሐፍ ብዙም የማይበልጡት «ማይክሮ» ወይም «ሚኒ» የተባሉት ለሳሎን ይስማማሉ።

ገዢው ዓይኑን መጣል ያለበት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ኮር አይ5-6500ቲ ወይም አይ5-7500ቲ ተብሎ ሲጻፍ ከሰረዙ በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ አሃዝ ትውልዱን ትናገራለች፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ቲ» ደግሞ ፕሮሰሰሩ ለ35 ዋት የተበጀ፣ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ መሆኑን። ከ6 ወደ 7 መሻገር ትንሽ ቢመስልም ለፊልም ተመልካች ትልቅ ለውጥ ነው። ኤችኢቪሲ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የቪዲዮ ማጨቂያ አሠራር ያንኑ ጥራት በቀድሞው ግማሽ ያህል መጠን ያጭቃል፤ ስለዚህ ፍላሽ ላይ የሚጫኑ ፊልሞች ወደ እሱ እየዞሩ ነው። ስድስተኛው ትውልድ ከኤችኢቪሲ ባለ 8 ቢቱን ብቻ በራሱ ይፈታል። ባለ 10 ቢቱን ሳይንገዳገድ የሚያጫውተው ከሰባተኛው ጀምሮ ያለው ነው። የዋጋው ልዩነት ጥቂት ከሆነ ሰባተኛውን መያዝ ይሻላል።

ራም 8 ጊጋባይት ይበቃል። ከኋላ ግን ቀዳዳዎቹን ማየት ግድ ነው፤ አንዳንድ የቢሮ ኮምፒውተሮች ኤችዲኤምአይ የላቸውም፣ ያላቸው ዲስፕሌይፖርት ነው። እንዲህ ከሆነ ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚያሸጋግር ገመድ መግዛት ነው። ተገላቢጦሹ ገመድ በመልክ ይመሳሰላል፤ ግን አይሠራም።

አሁን ስለ ከፍታ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንባቢዋ ጫፍ የምትንሳፈፈው በሚሽከረከረው ሳህን ላይ በሚፈጠር ቀጭን የአየር ትራስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ስለዚህ አምራቾች ለተለመደው ሃርድ ዲስክ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ወሰን ያበጃሉ። ለምሳሌ የወሎዋ ደጋ ከተማ መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ብትሆንም ከወሰኑ በታች ናት። ወደ 4,000 ሜትር በሚጠጋው በአምባ ፈሪት ተራራ ተዳፋት ላይ ላሉ መንደሮች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይሻላል። ከተማዋ ውስጥም ቢሆን ሲስተሙን በ128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ላይ አድርጎ ሃርድ ዲስኩን ለፊልም ማከማቻ መተው ይመረጣል። ከደሴ በአቀስታ በኩል ሲመጣ ሃርድ ዲስኩ በልብስ ተጠቅልሎ እግር ሥር ይጓዝ እንጂ ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ አይውጣ።

ለኮምፒውተሩ ከከፍታው ይልቅ ጠላቱ መብራት ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ በመጻፍ ላይ ያለ ዲስክ ፋይሉ ይበላሻል፤ ተመልሶ ሲመጣም የሚወጣና የሚወርደው ቮልቴጅ ፓወር ሳፕላይ ያቃጥላል። በጀቱ ከጠበበ ከራም ቀንሶ ዩፒኤስ ወይም ቢያንስ ስታቢላይዘር መግዛት ብልህነት ነው፤ ተራ ዲቫይደር ቮልቴጅን አያስተካክልም። በሶላር ለሚኖር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኢንቴል ኤን100 የተገጠመላቸው ሚኒ ኮምፒውተሮች አሉ። ፕሮሰሰሩ የተለካው ለ6 ዋት ነው፤ ኤቪ1 የተባለውን አዲስ የቪዲዮ ማጨቂያ አሠራርም ይፈታል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሰባተኛውን ትውልድ በአብዛኛው አይቀበልም። ለዚህ ሥራ ሊብሬኤሌክ የሚባለው ነፃ ሲስተም ከበቂ በላይ ነው፤ ሲበራ በቀጥታ ኮዲን ይከፍታል። ኮዲ እ.ኤ.አ. በ2002 በኤክስቦክስ መጫወቻ ላይ የተጀመረና በ2014 ስሙን የለወጠ የፊልም ማጫወቻ ነው። የግርጌ ጽሑፉ ሳጥን ከሆነ አቢሲኒካ የተባለውን ነፃ የግዕዝ ፎንት ኮዲ ውስጥ ማስገባትና ከምርጫው ላይ መለወጥ ይበቃል። አያት የልጅ ልጇ የሚያየውን ፊልም በራሷ ፊደል እያነበበች መከታተሏ ብቻውን የኮምፒውተሩን ዋጋ ያወጣል።

የቀረችውን ብር ወደ ድምፅ ማዞር ይገባል። የዘመኑ ስስ ቴሌቪዥኖች ድምፅ ማጉያ ደካማ ነው፤ ንግግር ይውጣል። ጥሩ ያገለገለ ባለ ሁለት ስፒከር ቴፕ ካለ በተራ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ይገናኛል፣ ከርካሽ ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቲያትርም ንግግርን አጥርቶ ያሰማል። ሪሞት አይገዛም፤ ኮሬ የተባለው የኮዲ መተግበሪያ ስልክን ሪሞት ያደርጋል፣ የሚፈልገውም የቤት ውስጥ ዋይፋይ ብቻ ስለሆነ ኢንተርኔት በሌለበት ቀንም ይሠራል።