የወንድ ልጅ ስምና የእኛ ፍርድ

ተራዊሕ አብቅቶ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን በመስጊዱ በር አጠገብ ጥያቄ ይዘው የሚጠብቁን አይጠፉም። በረመዳን የሚጠየቀው የታወቀ ነው፤ የታመመ ሰው ፊድያ፣ የምታጠባ እናት ጾም፣ የዘካተል ፊጥር መጠን። በዚህ ረመዳን ሁለተኛ ሳምንት ላይ ግን አንድ ወጣት ከአባቱ ጋር መጣ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ወጣቱ ልጁን ረያን ብሎ ሊጠራው ያስባል፤ ሽማግሌው ተቆጥተዋል።

«ሸህዬ፣ እስቲ ይፍረዱን» አሉን። «ራያ የአገር ስም ነው። እኛ ደግሞ የቃሉ ሰዎች ነን። ምን ጎድሎብን ነው ልጃችንን ራያ የምንለው?»

ወጣቱ ሳቀ፤ እኛም ፈገግ አልን። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። የሟች አባታቸው ስም እንድሪስ ነበር። ወንድ የልጅ ልጅ ቢወለድላቸው በአባታቸው ስም ሊጠሩት ለራሳቸው ቃል ገብተዋል። ልጃቸው ደግሞ «እንድሪስ ያረጀ ስም ነው፣ ትምህርት ቤት ይስቁበታል» ብሏቸዋል። ቁጣው ያለው እዚህ ላይ ነበር እንጂ ራያ ላይ አልነበረም።

በመካከላቸው ከመግባታችን በፊት ዝም አልን። ስለ ስም ከመፍረድ የሚያቆመን አንድ የቆየ ጥፋት አለብንና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቤት ዐቂቃ ላይ ተጠርተን ነበር። ቤተሰቡ መሠረቱ ወሎ ነው። ሁለት በግ ታርዷል፣ ቡናው ቀርቧል፣ ጎረቤት ሞልቷል። ዱዓ ከማድረጋችን በፊት የሕፃኑን ስም ስንጠይቅ አባትየው «ይመር» አለን። እኛም በሰው ፊት «ለሙስሊም ልጅ የሚሆን ስም ብትፈልጉ ይሻል ነበር» ብለን ተናገርን። ቤቱ ጸጥ አለ። አባትየው አንገቱን ደፋ። ከጥግ የተቀመጡ አያት ድምፃቸውን ሳያሰሙ ማልቀስ ጀመሩ፤ ከዚያ «ሸህዬ፣ ይመር ባሌ ነበር። ፈጅር አምልጦት አያውቅም። ቤታችን የደረሳ ማደሪያ ነበር። አላህ ዘንድ በስሙ የሚያፍር አይመስለኝም» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ልጅነታችንን በቁርኣን ቤት፣ ወጣትነታችንን በዓረብኛ ሰዋስው ያሳለፍን ሰዎች ነን፤ ስም ማረም የዕውቀት ምልክት ይመስለን ነበር። ማታ ኪታቦቹን ገልጠን ስንመለከት ግን ከእነርሱ ይልቅ እኛ መታረም እንዳለብን አየን። ይመር ማለት መልካም ይሁን፣ ይመርለት ማለት ነው። በመልካም ምኞት ላይ ምን ነውር አለ?

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ስሞችን መለወጣቸው እውነት ነው። ዓሲያ የተባለችውን፣ ትርጉሙ «አመፀኛ» ነውና፣ ጀሚላ ብለዋታል። ለአላህ እጅግ ተወዳጆቹ ስሞች ዐብዱላህና ዐብዱረሕማን መሆናቸውንም ነግረውናል። ነገር ግን የለወጡት ስም ትርጉሙ ክፉ ሲሆን፣ ባለቤቱን የሚያኮራ ሲሆን ወይም ከአላህ ውጭ ላለ ነገር ባርነትን ሲያስተምር ነው። ዓረብኛ ስላልሆነ ብቻ አላሉም። ኢብራሂም፣ ሙሳ፣ ዒሳ፣ ዩሱፍ የሚሉት ስሞች ከዓረብኛ አልመነጩም። ዑለማዎች በቁርኣን ከተጠቀሱት ነቢያት የዓረብ ስም ያላቸው ሁድ፣ ሷሊሕ፣ ሹዐይብና ሙሐመድ ብቻ መሆናቸውን ይናገራሉ። በሞቱ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲና ሆነው የሰገዱላቸው የእኛው አገር ንጉሥ፣ ነጃሺ፣ ስማቸው አስሐማ ነበር፤ በዚያው ስም ሰገዱላቸው።

ዓረብኛ የሆነ ስም ሁሉ ደግሞ ትርጉሙ የሚያማምር አይደለም። ጦልሐ የእሾሃማ ዛፍ ስም ነው። ሐንዞላ በበረሃ የሚበቅል የመራራ ፍሬ ስም ነው፤ ይህን ስም የያዘው ሰሓባ ግን በኡሑድ ተሰውቶ መላእክት ያጠቡት ሰው ነው። ዛሬ ልጁን ሐንዞላ የሚለውን ማንም አይቆጣውም። ዓረብኛ ነዋ!

በሦስተኛው ቀን ወደዚያ ቤት ተመልሰን ይቅርታ ጠየቅን። አያትየው ቡና አፍልተው ጠበቁን፤ ስለ ስሙ ግን ዳግም አላነሡም።

ስለ ወሎ ስሞች ሲነሣ የሚረሳ አንድ ታሪክ አለ። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሱ ተወሰነ። የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ያን ጊዜ ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው ናቸው። እንደ ሸይኽ ጦልሐ ጃፈር ያሉ ዑለማዎች እምቢ ብለው ታገሉ። ስንቱ ተራ ሰው ደግሞ በአደባባይ ሌላ ስም፣ በጓዳው ሌላ ስም ይዞ ኖረ። ከዚያ ዘመን በፊትም በኋላም በጋብቻና በጉርብትና ስሞች ከቤት ወደ ቤት ተሻግረዋል። አባቱ ሰይድ፣ አያቱ ደምሴ፣ ቅድመ አያቱ ዓሊ የሆነ ሙስሊም ወሎ ውስጥ ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በአያቱ ስም አይቶ እምነቱን የሚጠራጠር ወጣት ዛሬ ሲያጋጥመን ያሳዝነናል። ስም መዝኖ ሰውን ማቅለል ሱረቱል ሑጁራት ከከለከለው የመጥፎ ቅጽል ስም ብዙም የራቀ አይመስለንም።

ይህ ፍርድ በወንድ ልጅ ስም ላይ ለምን ይበረታል? በአገራችን የቤተሰብ ስም የለንም። የወንድ ልጅ ስም ለልጆቹ የአባት ስም፣ ለልጅ ልጆቹ የአያት ስም ይሆናል። ዛሬ በአራስ ቤት የሚወጣ አንድ ስም ከስድሳ ዓመት በኋላ በሌላ ሰው ፓስፖርት ላይ በሦስተኛው ቦታ ይጻፋል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሐዝን የተባለ ሰው ነበር፤ ትርጉሙ ሻካራ ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰህል፣ ገራም፣ ብትባልስ አሉት፤ አባቴ ያወጣልኝን አልቀይርም አለ። የልጅ ልጁ፣ ታላቁ የመዲና ዓሊም ሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ፣ ያ ሻካራነት በቤተሰባቸው እንደቀረ ሲናገር ኖሯል። ስም እስከ ልጅ ልጅ እንደሚዘልቅ ከዚህ በላይ ማሳያ የለም። ሌላም ነገር እናያለን፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስሙን እንዲቀይር ሐሳብ አቀረቡለት እንጂ በሰው ፊት አላሸማቀቁትም።

ፋሽኑማ ሁልጊዜ ነበር። የአያቶቻችን ዘመን እንድሪስ፣ ይማም፣ አመዴ፣ ሰይድ፣ ይመር ነበር። አባቶች ደግሞ ከማል፣ ጀማል፣ ነስሩ፣ ሸምሱ፣ ኑሩ ሆኑ፤ ያን ጊዜም ሽማግሌ «የከተማ ስም» እያለ ያጉረመርም ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መድረሳው ሲበዛ፣ ኪታብ እንደ ልብ ሲገባ፣ የሰሓባ ስሞች መጡ፤ ሙዓዝ፣ አነስ፣ ሑዘይፋ፣ ሙስዐብ። አሁን ደግሞ ረያን፣ ዘይን፣ ኢያድ፣ አያን ነው። ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶች፣ የቱርክ ተከታታይ ድራማ፣ የስልክ ላይ የስም ዝርዝር፣ ሁሉም አስተዋጽኦ አለው።

በእነዚህ ዝርዝሮች ላይ ግን አንድ ነገር እንላለን። «የቁርኣን ቃል ነው» የተባለ ሁሉ ስም አይሆንም። ፊርዐውንና ቃሩንም በቁርኣን ውስጥ ናቸው። አያን የሚለውን ብዙ ወላጅ ከቁርኣን ያገኘው ይመስለዋል፤ በቁርኣን የምናገኘው አያነ ግን «መቼ» የሚል የጥያቄ ቃል ነው። በሶማሊ ወንድሞቻችን ዘንድ አያን ዕድል ማለት ሲሆን ሴት ልጅ ትጠራበታለች፤ እዚያ ያምራል። ስሙን ላወጣችሁለት ልጅ ኃጢአት አለበት አላልንም፤ መጠየቅ ቀላል ነው ለማለት ነው። ሌላው የሚያስጨንቀን ዐብዱረሕማንን አሳጥሮ «ረሕማን» ብሎ መጥራት ነው፤ ረሕማን አላህ ብቻ ነው። ቁልምጫ ካስፈለገ አብዱ በሉት፣ አብዲ በሉት።

ስለ አጻጻፉም ተጠንቀቁ። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሞሐመድ፤ አንድ ቤተሰብ ውስጥ አራቱንም አይተናል። ሐጅ ሊሄዱ ሲነሡ ወይም ውርስ ሲጣራ ያን ጊዜ ነው የሚለቀሰው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበትና ያን ቀን የአባትና የአያት ስም በመታወቂያቸው እንዳለው አስጽፉ። ጠብ ለማብረድ ተብሎ ሁለት ስም ደርቦ ማውጣትም መዘዝ አለው፤ ሁለተኛውን ስም መዝጋቢው የአባት ስም አድርጎት ያርፋል።

ወደ ሽማግሌውና ወደ ልጃቸው እንመለስ። ወጣቱን «እንድሪስ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አልነው። አያቱ እንደሆነ ተናገረ። «ነቢዩ ኢድሪስ ነው። የወሎ አፍ አንዲት “ን” ጨመረለት እንጂ ከቁርኣን የመጣ ስም ነው» አልነው። ያረጀ ያለው ስም ከነቢያት ስሞች አንዱ መሆኑን ሲሰማ ጆሮውን አከከ።

ወደ አባቱም ዞረን ረያን ራያ አለመሆኑን ነገርናቸው። ከጀነት በሮች ጾመኞች ብቻ የሚገቡበት በር ረያን ይባላል፤ የመጨረሻው ጾመኛ ሲገባ ይዘጋል። ጥሙ የረካ ማለት ነው። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው «የጾመኛ በር ነው?» አሉ። አዎ አልን። «ታዲያ ይኼ ልጅ እንዲህ ብሎ መች ነገረኝ!» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። አዲስ ስም በራሱ ነውር እንዳልሆነም ነገርናቸው፤ ለዘከሪያ ልጅ የሕያ የሚለውን ስም፣ ከዚያ በፊት ማንም ያልተጠራበትን፣ የሰጠው አላህ ራሱ ነውና። እንድሪስ ለሚቀጥለው ልጅ እንዲሆን ተስማሙ፤ ወጣቱ በምስክር ፊት ቃል ገባ። ምስክሮቹ እኛና የመስጊዱ ዘበኛ ነን።

ዐቂቃው የዋለው በሰባተኛው ቀን ነበር። ሥጋው ለኢፍጣር ቀረበ፤ ከፊሉ ለጎረቤትና ለችግረኛ ሄደ። መግሪብ ሲገባ ሽማግሌው ተምር አላመው የሕፃኑን ላንቃ አሹለት፣ ስሙንም እኔ ልጥራው ብለው ለመኑን። እኛ ዱዓ አደረግን፤ እርሳቸው ጆሮው ላይ ጎንበስ ብለው ጠሩት።

«ራያ» ነው ያሉት። ማንም አላረማቸውም።