የኮምፒዩተር ሜሞሪ እንዴት ይደለደላል?

ስለ ኮምፒዩተር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ፍጥነቱ ነው። ነገር ግን ሠራተኛ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ የሚሠራበት ዕቃ ሩቅ ከተቀመጠ እጁን አጣጥፎ ከመጠበቅ በቀር ሌላ ነገር አይኖረውም። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ቁጥሩና ጽሑፉ የሚቀመጥበት ማኅደረ ትውስታ፣ ማለት ሜሞሪው፣ በሚገባ ካልተደለደለ ፍጥነቱ ከንቱ ይሆናል። ይህን የሚደለድለው ከርነል የተባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው፤ ሥራውም ከአንድ መጋዘን ኃላፊ ሥራ ጋር በጣም ይመሳሰላል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ካሽ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ሲፒዩ የሚባለው የስሌት ክፍል በየጊዜው ወደ ዋናው ሜሞሪ ቢመላለስ ብዙ ጊዜ ይባክንበታል። ስለዚህ በአጠገቡ ካሽ የተባለ ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ ይዞ የሚፈልገውን እዚያ ይገለብጣል። በአብዛኞቹ ማሽኖች በአንድ ጊዜ የሚገለበጠው 64 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ይህ 21 ፊደል ያህል ማለት ነው።

ግልባጭ ባለበት ግን አለመግባባት ይመጣል። ሁለት ትኬት ሻጮች የአንድ አውሮፕላን የመቀመጫ ዝርዝር በየፊናቸው ይዘዋል እንበል። አንደኛው 12ኛውን መቀመጫ ሸጦ ለጓደኛው ባይነግር፣ ሁለት መንገደኞች በአንድ ወንበር ይጣላሉ። ይህ እንዳይሆን፣ አንዱ ግልባጭ ሲለወጥ ሌላው ወዲያው እንዲሻር የሚያደርግ ደንብ በማሽኑ ውስጥ ተሠርቷል። ደንቡም የካሽ ስምምነት ይባላል።

ዛሬ ታላላቅ ስሌት የሚሠራው በሲፒዩ ብቻ አይደለም። ጂፒዩ የተባለው መሣሪያ ብዙ ስሌት ባንድ ጊዜ ያከናውናል፤ የራሱም እጅግ ፈጣን ሜሞሪ አለው። ቀድሞ ይህ ሜሞሪ ከሲፒዩ ጋር በስምምነት ስላልተያያዘ ፕሮግራም ጻፊው ዕቃውን ወዲያና ወዲህ እያጋዘ ይደክም ነበር። በ2018 በአሜሪካ ሥራ በጀመረው ሰሚት በተባለው ታላቅ ኮምፒዩተር ግን ሲፒዩዎቹና ጂፒዩዎቹ በስምምነት ተያያዙ። ከዚያም ወዲህ ኤንቪዲያ ባወጣው ግሬስ ሆፐር የሁለቱ መገናኛ መንገድ በሴኮንድ እስከ 900 ጊጋባይት ያሳልፋል።

እንግዲህ ችግሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን አዲሱ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሲፒዩ የጂፒዩን ሜሞሪ እንደ ራሱ ማንበብና መጻፍ ከቻለ፣ ከርነል ያንን ሜሞሪ እንደ ማንኛውም ባዶ ቦታ ሊቈጥረው ይችላል። የከርነልም ልማድ አንዱ ክፍል ሲሞላ ከሌላው ባዶ ክፍል ማደል ነው።

በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ውጭ ለሚላክ አበባ የተዘጋጀ ቀዝቃዛ መጋዘን አለ። ኃላፊው «ክፍሉ ባዶ ነው» ብሎ ቀን የልብስ ካርቶን ቢሞላበት ምን ይሆናል? ሌሊት ከዝዋይና ከሆለታ አበባ የጫነ መኪና ሲደርስ ቦታው ተይዞ ይገኛል፤ አበባውም ውጭ ሆኖ ይጠወልጋል። የጂፒዩ ሜሞሪም እንደዚሁ ነው። መጠኑ ጥቂት ነው፤ በአንዱ የግሬስ ሆፐር ዓይነት የሲፒዩው ሜሞሪ እስከ 480 ጊጋባይት ሲደርስ የጂፒዩው 96 ብቻ ነው። ለሲፒዩም ከራሱ ሜሞሪ ይልቅ ይርቀዋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ከርነል የራሱን የማይነቃነቅ ዕቃ እዚያ ያስቀመጠ እንደ ሆነ ነው፤ መሣሪያው ሊታደስ ወይም ሊነቀል ሲፈለግ ሜሞሪውን ባዶ ማድረግ አይቻልምና።

በ2017 የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች በዚህ ጉዳይ ተከራከሩ። ከአይቢኤም ወገን የመጡት፣ የመሣሪያው ሜሞሪ በከርነል መዝገብ እንደ አንድ የሜሞሪ ክፍል ይግባ፤ ነገር ግን ሆን ብሎ ካልጠየቀ በቀር ለማንም አይታደል አሉ። ሌላው ሐሳብ ሜሞሪው ከተራው እደላ ውጭ ሆኖ፣ ድራይቨር በተባለው የመሣሪያው አስተዳዳሪ እጅ ይቈይ የሚል ነበር። ለዚህ መሠረት የሚሆነው ሥራ በዚያው ዓመት በኅዳር በሊኑክስ 4.14 ገባ። በ2022 የወጣው ሊኑክስ 6.0 ደግሞ ይህንኑ መንገድ በስምምነት ለተያያዘ ሜሞሪ አስፋፋው። በዚህ መንገድ ጂፒዩ የሚፈልገው የሜሞሪ ገጽ ወደ ጂፒዩ ይዛወራል፤ ሲፒዩም ገጹን ሳያስመልስ በቀጥታ ሊያነበው ይችላል። የመጀመሪያውም ሐሳብ ፈጽሞ አልተጣለም፤ በግሬስ ሆፐር የጂፒዩው ሜሞሪ እንደ አንድ ክፍል ሆኖ ይታያል።

ይህ ነገር ለእኛ ምን ይረባናል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በአዲስ አበባ በ2020 በማዕከልነት የተቋቋመው የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት በአገራችን ቋንቋዎች ላይ ይሠራል። እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ሜሞሪ ይበላል፤ መሣሪያውም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ሁለተኛ መሣሪያ ለመግዛት አቅም የሌለው አገር ያለውን አንዱን በሚገባ መደልደል አለበት። ይህንንም ትምህርት የሚከለክለን የለም፤ የሊኑክስ ከርነል ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው። ጂፒዩ የሌለው ተማሪ እንኳ በተራ ላፕቶፕ ላይ ሁለት የሜሞሪ ክፍል ያለው ቨርቹዋል ማሽን አቁሞ፣ አንደኛው ክፍል ሲሞላ ከርነል ወደ ሁለተኛው እንዴት እንደሚሄድ ሊመለከት ይችላል።

የካሽ ስምምነት ሁሉም ወደ ሁሉም ቦታ እንዲደርስ በሩን ከፍቷል። በተከፈተው በር ማን ገብቶ የት ይቀመጥ የሚለውን መወሰን ግን የከርነል ሥራ ነው፤ ከርነልንም የሚጽፈው ሰው ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ስለ ፍጥነት ስንጠይቅ ስለ ድልድሉም እንጠይቅ።