በቤት ውስጥ የተተከለ ችግኝ ዕድገቱ ለምን ይዘገያል?

ባለፈው ዓመት አንዲት የሥነ ሕይወት ተመራቂ ተማሪ፣ በመምህሯ አማካይነት፣ ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራችን መጥታ አንድ ችግር አቀረበች። የሁለት ዓይነት ቃሪያ ችግኞችን ዕድገት ለማነጻጸር በምድር ቤት ክፍል ውስጥ በአምፖል ብርሃን እያሳደገች ነበር። አምስት ሳምንት ቢሞላቸውም ችግኞቹ ከአራት ቅጠል አላለፉም። በተመሳሳይ ቀን በግቢው ውስጥ የተዘሩት ግን አበባ ሊያወጡ ተቃርበዋል። ማዳበሪያ ሁለት ጊዜ ጨምራለች፤ ውሃም በየቀኑ ታጠጣለች። የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስረከብ የቀራት ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር። ታዲያ ጉዳዩ ወደ ፊዚክስ ክፍል ምን አመጣው? አንባቢ እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሬድሪክ ብላክማን እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ብዙ ነገሮችን በአንድነት የሚፈልግ ሂደት ፍጥነቱ የሚወሰነው ከሁሉም ባነሰው ነገር ነው። ብርሃን ያነሰው ተክል ማዳበሪያ ቢጨመርለት አይፋጠንም፤ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ልጨምር?» ሳይሆን «ያነሰው የትኛው ነው?» የሚል መሆን ይገባዋል። ይህን ደግሞ በመገመት ሳይሆን በመለካት እንመልሰዋለን።

ከብርሃኑ ጀመርን። ተማሪዋ ክፍሉ «በጣም ብሩህ ነው» ብላ ነበር፤ እውነትም ለማንበብ ከበቂ በላይ ነው። ይሁን እንጂ የሰው ዓይን ለዚህ ጉዳይ የማይታመን ዳኛ ነው። ከጥቂት ብርሃን እስከ ብዙ ብርሃን ራሱን እያስተካከለ ስለሚያይ፣ መቶ እጥፍ የሚሆነውን ልዩነት እንደ ቀላል ነገር ያሳልፈዋል። በላክስ የሚለካው መሣሪያም የተሠራው ለዓይን ነው። በ555 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ያለውን አረንጓዴ ብርሃን ሙሉ በሙሉ ሲቆጥር፣ በ660 ናኖ ሜትር ላይ ያለውን ቀይ ብርሃን የሚቆጥረው በ6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቅጠል ግን ቀዩን አጥብቆ ይፈልገዋል። ማክሪ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 በበርካታ የሰብል ዓይነቶች ላይ ባደረገው ልኬት ይህን በግልጽ አሳይቷል። አረንጓዴው ብርሃን ለተክል አይጠቅምም የሚለው የተለመደ አነጋገር ትክክል እንዳልሆነም ያው ልኬት ያሳያል።

ለብርሃን አስተጻምሮ ዋናው ነገር በ400 እና በ700 ናኖ ሜትር መካከል ያሉት ፎቶኖች ቁጥር ነው። ይህም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሰከንድ በሚያርፍ ማይክሮሞል ይገለጻል፤ አንድ ማይክሮሞል ማለት ወደ 602 ሺህ ትሪሊዮን ፎቶን ነው። ለነጭ ኤልኢዲ አምፖል ላክሱን ለ70 ብናካፍል ለሥራ የሚበቃ ግምት እናገኛለን። በችግኞቹ አናት ላይ የለካነው 1,500 ላክስ ነበር፤ ይህም ወደ 21 ማይክሮሞል ይሆናል። የቀትር ፀሐይ ወደ 2,000 ይሰጣል። አምፖሎቹ በቀን 12 ሰዓት ስለሚበሩ የዕለቱ ድምር ከአንድ ሞል በታች ነው። ጥርት ባለ ቀን ግቢው ውስጥ ያሉት ችግኞች ግን 40 ሞል ያህል ያገኛሉ።

ፀሐይ ወዳድ ተክሎች በአተነፋፈስ የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብርሃን አስተጻምሮ ከሚያስገቡት ጋር ለማመጣጠን ብቻ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሞል ያስፈልጋቸዋል። በዚህ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ገቢ ይተነፍሳሉ። እንግዲህ የተማሪዋ ችግኞች ከእጅ ወደ አፍ የሚኖሩ ነበሩ፤ አዲስ ቅጠል የሚሠሩበት ትርፍ አልነበራቸውም።

መፍትሔው አምፖሉን ማቅረብና ቁጥሩን መጨመር ነው። እዚህ ላይ የፊዚክስ ተማሪዎች ራሳቸው የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ብርሃን በርቀት ካሬ ይቀንሳል የሚለው ሕግ የሚሠራው አምፖሉ ከርቀቱ አንጻር እንደ ነጥብ ሲታይ ነው። ረጅም ዘንግ መሰል አምፖል በቅርብ ሲሆን ብርሃኑ የሚቀንሰው በርቀቱ ልክ ብቻ ነው። ከ80 ሳንቲ ሜትር ወደ 30 ብናወርደው የምናገኘው ሰባት እጥፍ ሳይሆን ሦስት እጥፍ የማይሞላ ጭማሪ ነው። በመሆኑም ሁለት የነበሩትን አምፖሎች ሰባት አደረግናቸው፤ ዙሪያውንም በነጭ ሰሌዳ ከለልነው። በስሌት 14 ሺህ ላክስ ጠብቀን 12 ሺህ አገኘን። በቀን 16 ሰዓት ሲበራ ወደ 10 ሞል ይደርሳል፤ ለችግኝ ይበቃል። ሃያ አራት ሰዓት ማብራት ግን አይመከርም፤ በተለይ የቃሪያ ዘመድ የሆነው ቲማቲም ያለ ጨለማ ሲቆይ ቅጠሉ ይገረጣል።

ብርሃኑ ቢስተካከልም ሁለተኛ ችግር ነበር። የክፍሉ ሙቀት 16 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 80 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ሁኔታ አየሩ ሙሌቱ ላይ ለመድረስ የሚጎድለው የውሃ ተን ግፊት 0.36 ኪሎ ፓስካል ብቻ ነው። በ24 ዲግሪና በ55 በመቶ እርጥበት ግን 1.34 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ቅጠሉ ውሃ የሚያተንበት ኃይል ይህ ጉድለት ስለሆነ፣ በሞቀው ክፍል በሁለት ቀን የሚደርቅ አፈር በቀዝቃዛው ሳምንት ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በየቀኑ የሚጨመረው ውሃም የአፈሩን ቀዳዳዎች ሞልቶ አየር ያስወጣል። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው በአሥር ሺህ እጥፍ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። ሥር ደግሞ ለመተንፈስ ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ሲታፈን ማዕድን መሳብ ያቆማል። ተክሉም ውሃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል፤ ባለቤቱም የተጠማ መስሎት ይጨምርለታል።

ውሃ የሚጠጣበትን ቀን ለማወቅ ዕቃውን አንሥቶ ክብደቱን መገመት ከማናቸውም የቀን መቁጠሪያ ይበልጣል። ከዕቃው ሥር ጠጠር መደልደል ያጠነፍፋል የሚለው ልማድም አይረዳም፤ ውሃው ከደቃቁ አፈር ወደ ሸካራው ጠጠር ለመውረድ ስለሚቸገር ከጠጠሩ በላይ ይጠራቀማል።

የሲሚንቶው ወለልም ሥሩን ያቀዘቅዝ ነበር። ቀዝቃዛ ሥር ፎስፈረስ ለመሳብ ይደክማል፤ በአንዳንዶቹ ቅጠሎች ጀርባ የታየው ወይን ጠጅ ቀለም ከዚህ ጋር የሚስማማ ምልክት ነው። ዕቃዎቹን በጣውላ መደርደሪያ ላይ አወጣናቸው።

ስለ ቢጫነት ጥቂት ልበል። ናይትሮጅን በተክሉ ውስጥ ስለሚንቀሳቀስ እጥረቱ በታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ላይ ይጀምራል። ብረት ስለማይንቀሳቀስ እጥረቱ በአዲሶቹ ቅጠሎች ጅማቶች መካከል ይታያል፤ ብዙውን ጊዜም ብረት ጠፍቶ ሳይሆን የአፈሩ ፒኤች ከፍ ብሎ ብረቱ ስላልሟሟ ነው። የእነዚህ ችግኞች ቅጠል ግን ቢጫ ሳይሆን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ጫፉ የተቃጠለ ነበር። ይህ የማዳበሪያ ጨው መብዛት ምልክት ነው፤ ጨው የበዛበት አፈር ውሃውን ለሥሩ አይለቅም። ስለዚህ በንጹህ ውሃ አጥበን እንዲጠነፍፍ አደረግን፤ ለሁለት ሳምንትም ማዳበሪያ ከለከልን።

እግረ መንገዴን፣ ይህ ሁሉ ለቃሪያ ብቻ የተነገረ አይደለም። በጃፓን ሰላጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በሕግ በፈቀደችው በካናዳ ደግሞ ካናቢስ በዝግ ክፍሎች ውስጥ በአምፖል ይመረታሉ፤ ዕድገት ሲዘገይም የሚመረመሩት እነዚሁ ብርሃን፣ ሙቀት፣ እርጥበትና ሥር ናቸው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አዳዲስ ቅጠሎች ወጡ። የተቃጠሉት አሮጌ ቅጠሎች ግን አላገገሙም። ተማሪዋ የአምስቱን ሳምንታት ልኬት በሙሉ ለመተው ተገደደች፤ ሁለቱ የቃሪያ ዓይነቶች በዚያ ክፍል ውስጥ እኩል የታዩት ሁለቱም እኩል ስለተራቡ ነበር። አዲስ ዘር ዘርታ፣ የብርሃን፣ የሙቀትና የእርጥበት መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ እየያዘች፣ በቀራት ጊዜ ሥራውን እንደገና ጀመረች።