«ድረሱልን!» ግን የት?

በአንድ ወቅት ለተማሪዎቻችን ይህን ጥያቄ አቀረብንላቸው። «ሌሊት ጎርፍ ቤታችሁን ከበበው። በስልክ አንድ መልእክት ብቻ መላክ ትችላላችሁ። ምን ትጽፋላችሁ?» አብዛኞቹ «እባካችሁ ድረሱልን!» ብለው ጻፉ። ያሉበትን ቦታ የገለጹት ሁለት ብቻ ነበሩ።

ውድ አንባቢያን! ነገሩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁንና ቦታን ማወቅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) ሄይቲ መጠኑ 7.0 በሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ዋና ከተማዋ ፖርቶፕራንስም ፈራረሰች። ከቀናት በኋላ ሕዝቡ በነፃ አጭር መልእክት የሚልክበት 4636 የተሰኘ ቁጥር ተከፈተ። መልእክቶቹ ግን በአብዛኛው በሄይቲ ክሪዮል የተጻፉ ስለነበሩ ከውጭ ለመጡት ነፍስ አድን ሠራተኞች እንግዳ ነበሩ።

ክፍተቱን የሞሉት በአሜሪካ፣ በካናዳና በሌሎችም አገሮች የሚኖሩ የሄይቲ ተወላጆች ናቸው። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው መልእክቱን ይተረጉማሉ፤ በሠፈር ስም ብቻ የተጠቀሰውን ቦታም በካርታ ላይ ይፈልጋሉ። ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ደግሞ የሳተላይት ፎቶ እያዩ መንገዶችን፣ የፈረሱ ሕንፃዎችንና መጠለያዎችን ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው የጋራ ካርታ ላይ አሰፈሩ።

ጥሪዎቹን በካርታ ላይ ካሰባሰቡት ፕሮግራሞች አንዱ ኡሻሂዲ ይባላል። የተሠራው በ2000 ዓ.ም. ከምርጫ በኋላ ግጭት በተነሳባት በጎረቤታችን ኬንያ ነው። ቃሉ በስዋሂሊ «ምስክርነት» ማለት ሲሆን «ሸሃዳ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው።

ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው መልእክት ያደርሳል እንጂ ስለ እኛ አይመሰክርም። ያላየነውን «አየን» ብንል፣ ወይም የትናንቱን ወሬ እንደ ዛሬ ብናስተላልፍ፣ አዳኞቹ ወደ ባዶ ቦታ ሲሮጡ ፍርስራሽ ሥር ያለው ሰው ይጠብቃል። ወሬ ሲመጣ ማጣራት እንደሚገባን ከሱረቱል ሑጁራት የተማርን ሁሉ ስልክ ስንይዝም ልንዘነጋው አይገባም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን አንድ መልእክት አጽፏቸው። ቦታው የት ነው? ስንት ሰው አለ? ምን ያስፈልጋል? መቼ ታየ? ያየውስ ማን ነው?

ከተማሪዎቻችን አንዷ በሁለተኛው ሙከራዋ እንዲህ ጻፈች። «ከመስጊዱ ጀርባ ነን፤ ድልድዩን አትሻገሩ። አምስት ነን። አያቴ መራመድ አይችሉም።» እንዲህ ያለውን መልእክት ያነበበ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።